የጥንት ግሪክን ለተማሪ እንዴት እናስተምር? ኖት ከማስገልበጥ ልጆቹን ማከራከር

የታሪክ መምህር ነኝ፣ ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል ነው ማስተምረው። መጀመሪያ አመታት ላይ ግሪክ ጋ ስንደርስ ሰሌዳ ሙሉ ኖት እፅፍ ነበር፣ ሶቅራጥስ፣ ፕላቶ፣ አርስቶትል፣ አቴንስ፣ ስፓርታ፣ ከጎን አመተ ምህረት፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ፈተና ላይ "የፕላቶ አስተማሪ ማን ነበር" እላለሁ፣ ይመልሳሉ፣ አለቀ። አንድ ቀን አንዷ ተማሪ ከክላስ በኋላ መጥታ "ቲቸር፣ ሶቅራጥስ ግን ምን ሰርቶ ነው እስካሁን ምንማረው?" አለችኝ። ቤት ገብቼ የራሴን ኖት ሳየው የልደቱና የሞቱ አመት አለ፣ የከሰሱት ሰዎች አሉ፣ የሷ ጥያቄ መልስ ግን የለም። ከዛ ወዲህ አቀራረቤን ቀየርኩት። አሁን ልጆቹ ግሪኮቹ ያደረጉትን ራሳቸው እንዲያደርጉት ነው ምሞክረው፣ ማለትም ይከራከራሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ይለካሉ። ለዚህ ፕሮጀክተርም ኢንተርኔትም አያስፈልግም፣ 60 ተማሪ ያለበት ክፍልም ይቻላል። እንዴት እንደምሰራው ልፃፍላችሁ።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ከራሳቸው ስም ጀምሩ። ክፍሉ ውስጥ ቴዎድሮስ፣ ጴጥሮስ፣ እስጢፋኖስ፣ ሶፍያ፣ ፊልጶስ መኖሩ አይቀርም። ቴዎድሮስ በግሪክኛ የእግዜር ስጦታ ነው፣ ጴጥሮስ ድንጋይ፣ እስጢፋኖስ አክሊል፣ ጊዮርጊስ ደግሞ ገበሬ። ፊልጶስ ፈረስ ወዳድ ማለት ነው፣ ሶፍያ ጥበብ። እና እዚህ ጋ "ፊል የሚለውን ከፊልጶስ ውሰዱ፣ ከሶፍያ ጋር ግጠሙት፣ ምን ወጣ?" በሏቸው። ፊሎሶፊያ፣ ጥበብን መውደድ፣ ፈላስፋ የምንለው ቃል ከዚህ የመጣ ነው። ቃሉን ራሳቸው ሲያገኙት እናንተ ሰሌዳ ላይ ፅፋችሁ ስትሰጧቸው በፍፁም አንድ አይሆንም።

ቀጥሎ የግዕዝ ቁጥር ፃፉ፣ ፩ ፪ ፫። ግሪኮች ፊደላቸውን ራሱን ለቁጥርም ይጠቀሙበት ነበር፣ አልፋ 1፣ ቤታ 2፣ ጋማ 3፣ ካፓ 20፣ ሮ ደግሞ 100። የኛ የግዕዝ ቁጥሮች መልካቸውን ያገኙት ከነዚህ ፊደላት ነው፣ ላይና ታች ያለውን ሰረዝ አንሱና የግሪኩን ፊደል ከጎኑ ሳሉላቸው፣ ማመሳሰሉን ለነሱ ተዉት። አክሱም ላይም ሳንቲሞቹ የግሪክኛ ፅሁፍ ነበራቸው፣ የንጉስ ኢዛና ድንጋይም ከግዕዙ ጋር ግሪክኛ አለው። ይሄ ሁሉ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከዛ በላይ አትቆዩበት፣ አላማው ትምህርቱ የሩቅ ሰው ወሬ እንዳይመስላቸው ነው እንጂ ስለ አክሱም ሌላ ምዕራፍ አለ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ የግሪኩ ባለቅኔ ሆሜር ግጥሞቹ ላይ አማልክቱ ከኢትዮጵያውያን ጋር ለመጋበዝ ይሄዳሉ ይላል፣ ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ በጣም ነው ደስ ሚላቸው፣ ንገሯቸው፣ ነገር ግን የጥንት ግሪኮች "አይቲዮፒያ" ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ህዝብ የሚኖርበትን ሰፊ አገር በጥቅሉ እንጂ የዛሬዋን ካርታ ማለታቸው አልነበረም። እውነቱን ከነሙሉ መልኩ የሰማ ልጅ በኋላ ሌላ ቦታ ሲያነብ አይደናገርም።

የዘመን ነገር ልጆቹን በጣም ያደናግራቸዋል፣ ቅ.ል.ክ. (ቅድመ ልደተ ክርስቶስ) ወደ ኋላ ስለሚቆጠር 490 ከ399 በፊት መሆኑ አይዋጥላቸውም። እኔ ገመድ ነው የምጠቀመው። ለ100 አመት አንድ ስንዝር፣ 28 ስንዝር ገመድ፣ ከስምንተኛው ስንዝር ላይ ቀይ ጨርቅ ታስራላችሁ፣ እሱ የክርስቶስ ልደት ነው። ከዛ ወረቀት ታንጠለጥላላችሁ፣ 776 የመጀመሪያው ኦሎምፒክ፣ 490 የማራቶን ጦርነት፣ 399 የሶቅራጥስ ሞት፣ 323 የታላቁ እስክንድር ሞት፣ ከቀዩ ጨርቅ ወዲህ ኢዛና፣ መጨረሻው ላይ እኛ። ገመዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቆይ። አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንዴ ተናግራችሁ እለፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሶቅራጥስ። ስለሱ ከመናገራችሁ በፊት እሱ ያደርግ የነበረውን አድርጉት። ገብታችሁ ምንም ሳትሉ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ፃፉ፣ "ጎበዝ ተማሪ ማለት ምን ማለት ነው?" የኔ ክፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው ሚሄደው፦

"አንደኛ ሚወጣ፣ ቲቸር።"
"ኮርጆ አንደኛ ቢወጣስ?"
"እሱማ ጎበዝ አይባልም። ሳይኮርጅ አንደኛ ሚወጣ።"
"እሺ፣ አንድ ልጅ አለ፣ ከትምህርት ቤት መልስ እየሰራ ቤተሰቡን ያግዛል። አምና 50ኛ ነበር፣ ዘንድሮ 30ኛ ወጣ። እሱስ?"
ዝም ይላሉ። ከዛ አንዷ፣ "ጎበዝ ማለት አቅሙ የቻለውን ያህል ሚሰራ ነው።"
"ሌባም እኮ አቅሙ የቻለውን ያህል ይሰራል።"

ሳቅ ይሆናል፣ ከዛ ግን ክርክሩ እውነተኛ ይሆናል፣ እርስ በርስ መመላለስ ይጀምራሉ። እዛ ጋ ስትደርሱ ቁሙና የሰሩትን አሳዩዋቸው፦ አንድ ትርጉም ሰጣችሁ፣ ትርጉሙን የሚያፈርስ ምሳሌ መጣ፣ ትርጉሙን አስተካከላችሁ፣ እንደገና ፈረሰ። ሶቅራጥስ አቴንስ ገበያ ውስጥ የሚያደርገው ይሄንን ነበር፣ የጦር መሪውን ጀግንነት ምንድነው ይለዋል፣ ሃይማኖት አዋቂ ነኝ የሚለውን ሃይማኖተኝነት ምንድነው ይለዋል። እሱ ራሱ አንድም ነገር አልፃፈም፣ የምናውቀው ፕላቶና ሌሎች ከፃፉት ነው። እናቱ አዋላጅ ነበረች፣ እና ስራዬ እንደሷ ነው፣ ሃሳብ የምወልደው እኔ አይደለሁም፣ ሌላው ሲወልድ አዋልዳለሁ ይል እንደነበር ፕላቶ ፅፏል። ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ሲያልቅ ደግሞ ግሪኮቹ አፖሪያ ይሉታል፣ መሄጃ ማጣት ነው ነገሩ። ክላሱን እዛው ላይ ጨርሱት፣ መልስ አትስጡ። ልጆቹ መልስ አምጡ ብለው ሲያስጨንቋችሁ ትምህርቱ እየሰራ ነው ማለት ነው።

ይሄን ስትሰሩ ሶስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጠይቃችሁ ዝም በሉ፣ በልባችሁ እስከ አስር ቁጠሩ፣ ሁላችንም መምህራን ዝምታ ስለምንፈራ ራሳችን እንመልሳለን። ሁለተኛ፣ አንድን ልጅ ብቻ ይዛችሁ አታፋጡት፣ መልሱን ያፈረሳችሁበት ልጅ ተዋረድኩ ብሎ ካሰበ ሁለተኛ እጁን አያወጣም፣ ስለዚ አፍራሹን ምሳሌ ከሌላ ተማሪ ጠይቁ እንጂ ሁሌ ከእናንተ አይምጣ። ሶስተኛውና ከባዱ፣ ልጆቻችን ትልቅ ሰው ሲናገር ለምን ማለት ድፍረት ነው ተብለው ነው ያደጉት። እኔ ይሄን ፊት ለፊት ነው ምነግራቸው፦ የምንጠይቀው ሃሳቡን ነው፣ ሰውየውን አናዋርድም፣ "ይቅርታ ቲቸር፣ ግን..." ብላችሁ ጀምሩ እላቸዋለሁ። ከዛ እኔኑ ሲጠይቁኝ መመለስ ግዴታዬ ነው። አንድ ጊዜ "የቤት ስራ ለምን ከ10 ይታሰባል" ብለው ጠይቀውኝ ክርክሩን ስላሸነፉ አሰራሩን ቀይሬያለሁ።

ሁለት ክፍለ ጊዜ ካላችሁ የሶቅራጥስን ችሎት አድርጉት፣ ከሁሉም የሚወዱት ይሄን ነው። በ399 ቅ.ል.ክ. የ70 አመት ሽማግሌ ሆኖ ነው የተከሰሰው፣ ከተማዋ የምታምንባቸውን አማልክት አያምንም፣ ወጣቱን ያበላሻል ተብሎ። ከሳሾቹ ሶስት ናቸው፣ ሜሌጦስ፣ አኒጦስና ሊኮን። ፈራጆቹ ተራ ዜጎች ነበሩ፣ ቁጥራቸው 501 አካባቢ፣ በእጣ የተመረጡ። ዳኛ ገብቶ ህጉ እንዲህ ይላል ብሎ አይመራቸውም፣ ተሰብስበውም አይመካከሩም፣ ሰምተው ወዲያው ድምፅ ይሰጣሉ። ስለዚ ከክፍሉ ሶስት ከሳሽ፣ አንድ ሶቅራጥስ፣ ሌላው በሙሉ ፈራጅ፣ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን።

ጊዜው በውሃ ነበር ሚለካው። አቴንስ አጎራ (ገበያው) ላይ የተገኘው የሸክላ ውሃ ሰዓት ስድስት ሊትር ተኩል የሚጠጋ ይይዛል፣ ፈሶ ለማለቅ ስድስት ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። እናንተ የሁለት ሊትር ሃይላንድ አፉን ቆርጣችሁ ከታች በጋለ ሚስማር ትበሱታላችሁ፣ ባልዲ ከስር፣ ቀዳዳውን እያሰፋችሁ አራት ደቂቃ ላይ አምጡት። ውሃው ሲያልቅ ተናጋሪው ያቆማል፣ ሞኒተሩም ቲቸሩም አያስጨምርም። ይሄ ብቻውን ልጆቹ ንግግራቸውን አስቀድመው እንዲያዘጋጁ ያደርጋቸዋል። ድምፁን በባቄላና በሽምብራ ስጡ፣ ባቄላ ጥፋተኛ፣ ሽምብራ ነፃ፣ በጨርቅ በተሸፈነ ጣሳ ውስጥ።

የዚህ ስራ ትልቁ አደጋ ምን መሰላችሁ፣ ሁሉም ሶቅራጥስን ነፃ ያወጡታል፣ ምክንያቱም ትልቅ ሰው እንደሆነ አስቀድመው ያውቃሉ። ያኔ ክርክር የለም። ስለዚህ ለከሳሾቹ ለብቻቸው አንድ ገፅ ፃፉላቸው፦ አቴንስ ገና ከአምስት አመት በፊት በ404 በስፓርታ ተሸንፋለች፣ ከሽንፈቱ በኋላ ሰላሳዎቹ አምባገነኖች ስልጣን ይዘው ብዙ ሰው ገድለዋል፣ የነሱ መሪ ክሪቲያስ የሶቅራጥስ ወዳጅ ነበር፣ ከተማውን የከዳው አልኪቢያደስም እንደዚሁ። ይሄን የያዘ ጎበዝ ከሳሽ ክፍሉን ለሁለት ይከፍለዋል። እውነተኛው ችሎትም ተቀራራቢ ነበር፣ ፕላቶ እንደፃፈው 30 ሰው ድምፁን ቢቀይር ነፃ ይወጣ ነበር። ጥፋተኛ ከተባለ ሁለተኛ ድምፅ አለ፣ ከሳሽ አንድ ቅጣት ያቀርባል፣ ተከሳሽ ሌላ፣ ፈራጁ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ሶቅራጥስ መጀመሪያ ምን እንዳቀረበ ንገሯቸው፣ ለከተማው ለሰራሁት ስራ በመንግስት ወጪ ምሳ ልጋበዝ ነው ያለው። ከዛ ለምን እንደዛ አለ፣ ወዳጆቹ ከእስር ቤት እናስመልጥህ ሲሉትስ ለምን እምቢ አለ የሚለውን ቤት ሄደው ይፃፉ፣ ግማሽ ገፅ በቂ ነው።

ዴሞክራሲን በተመለከተ፣ ትርጉሙን ከማስሸምደድ የአቴንስን ብር ስጧቸው። በ483 አካባቢ ላውሪዮን የሚባል ቦታ ብዙ የብር ማዕድን ተገኘ። ለየሰዉ አስር አስር ድራክማ እንከፋፈል የሚል ሃሳብ ነበር፣ ቴሚስቶክልስ የሚባል የአቴንስ መሪ ግን የለም መርከብ እንስራበት አለ። ክፍሉን ለሁለት ክፈሉና አከራክሯቸው፣ ውጤቱን አትንገሩ። ድምፅ ከሰጡ በኋላ ከሶስት አመት በኋላ ፋርሶች መጡ፣ ሳላሚስ ላይ ያዳናቸው ያ የመርከብ ጦር ነበር ስትሏቸው የክፍሉን ሁኔታ ታያላችሁ።

ከዛ በሸክላ ስባሪ ማባረርን ስሩ፣ ኦስትራሲዝም የሚባለውን። በአመት አንዴ ህዝቡ ከፈለገ የአንድ ሰው ስም በስባሪ ሸክላ ላይ ይፅፋል፣ ቢያንስ 6,000 ድምፅ ያስፈልጋል፣ የተመረጠው ሰው ለ10 አመት ከተማውን ይለቃል፣ ንብረቱ ግን አይወረስም። የተሰበረ ጀበና ወይ ማሰሮ ሰፈር ውስጥ አይጠፋም፣ ጫፉን በድንጋይ አለስልሱት እንዳይቆርጣቸው፣ በሚስማር ይፅፋሉ። እባካችሁ ግን የተማሪ ስም እንዳታፅፉ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ "ከክፍላችሁ የፈለጋችሁትን" ብያቸው ብዙው ሰው አንድን ዝምተኛ ልጅ ፃፈው። ለሳምንት ትምህርት ቤት አልመጣም፣ ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ አሁንም ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ ቴሚስቶክልስ ወይስ ተቀናቃኙ አሪስቲደስ ብላችሁ አስመርጡ። የአሪስቲደስን ታሪክም ንገሯቸው፣ መፃፍ የማይችል ሰው ሳያውቀው ራሱን አሪስቲደስን "አሪስቲደስ ብለህ ፃፍልኝ" አለው ይባላል፣ ምን በደለህ ሲለው ምንም፣ "ጻድቁ" ሲባል መስማት ሰልችቶኝ ነው አለው። አሪስቲደስም ፃፈለት።

አንድ ተጨማሪ ነገር ከዚሁ ጋ። አክሮፖሊስ ከሚባለው የአቴንስ ኮረብታ ጥግ በቁፋሮ 190 ስባሪ ተገኝቷል፣ ሁሉም የቴሚስቶክልስ ስም ያለባቸው፣ የእጅ ፅሁፉ ግን የ14 ሰው ብቻ ነው። እናንተ አስቀድማችሁ በአንድ እጅ ፅሁፍ ስምንት ዘጠኝ ስባሪ አዘጋጁና ለተወሰኑ ልጆች በሚስጥር ስጡ። ቆጠራው ሲያልቅ ስባሪዎቹን ወለል ላይ ዘርግታችሁ "የሚገርም ነገር ታያላችሁ?" በሏቸው። ራሳቸው ይደርሱበታል፣ ሰው ተደራጅቶ ቀድሞ የተፃፈ ድምፅ ያድል እንደነበር። የታሪክ ማስረጃ እንዴት እንደሚነበብ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ እኔ አላውቅም።

ግን እዚህ ላይ አቁማችሁ አቴንስን አታመስግኑና አትለፉ። ክፍሉን በሙሉ አስነሱ። ሴቶች ተቀመጡ በሏቸው። ከዛ ወንዶቹን የወረቀት እጣ አስወጧቸው፣ "ባሪያ"፣ "ከሌላ ከተማ የመጣ"፣ "ዜጋ" የሚል። ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ግምት ድምፅ የነበረው ከጠቅላላው ህዝብ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፣ ስለዚ ከ60 ልጅ ስድስት እስከ ዘጠኝ ቆመው ይቅሩ። እነሱ ብቻ ስለ ሁሉም አንድ ነገር ይወስኑ፣ ለምሳሌ ዛሬ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ። ያ የላውሪዮን ብር በባሮች ጉልበት እንደተቆፈረም እዚህ ጋ ንገሯቸው። አርስቶትል ያን ሁሉ ያሰበ ሰው አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ባሪያ ነው ብሎ መፃፉንም አትደብቁ። ሴት ተማሪዎቼ በዚህ ቀን ነው በጣም ሚናገሩት፣ እና የሶቅራጥስን ዘዴ አርስቶትል ላይ ሲጠቀሙበት ማየት ለኔ ከየትኛውም ፈተና ውጤት ይበልጣል።

የአማልክት ጉዳይ ላይ ወላጅ ሊመጣ ይችላል። "ልጄን ጣዖት ለምን ታስተምራለህ" ብለው አንድ እናት መጥተውብኝ ያውቃሉ፣ ጥያቄው የእናትነት ስለሆነ በአክብሮት ነው መመለስ ያለበት። እኔ ለእኚህ እናት "እማማ፣ የሐዋርያት ሥራ 17ን ያንብቡት፣ ቅዱስ ጳውሎስ አቴንስ አርዮስፋጎስ ላይ ቆሞ ሲያስተምር ከኤፊቆሮስና ከኢስጦኢክ ፈላስፎች ጋር ተነጋግሯል፣ የነሱን ባለቅኔም ጠቅሷል፣ እምነታቸውን ሳያውቅ አላናገራቸውም" ብያቸው በደንብ ተግባባን። ለሙስሊም ተማሪዎቻችን ደግሞ አርስቶትል ወደ አረብኛ የተተረጎመው በባግዳድ በአባሲዶች ዘመን እንደሆነ፣ ኢብን ሩሽድ የፃፈው ማብራሪያ አውሮፓ ድረስ እንደተነበበ መንገር ጥሩ ነው። ክፍል ውስጥ "ግሪኮች እንዲህ ያምኑ ነበር" በሉ፣ ሁሌ በሃላፊ ጊዜ።

ኦሎምፒክ ላይ ብዙ አትቆዩ፣ ልጆቹ በራሳቸው ያነቡታል። አንድ ስህተት ብቻ አርሙላቸው፣ ማራቶን ሩጫ የጥንቱ ኦሎምፒክ ውስጥ አልነበረም፣ የገባው በ1896 ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት ውድድር ስሙን ያገኘው ከ490ው ጦርነት ሜዳ ነው፣ ገመዱ ላይ አሳዩዋቸው።

የመጨረሻው ስራ የመሬትን ዙሪያ መለካት ነው፣ ከሂሳብና ከጂኦግራፊ መምህር ጋር ቢሆን ጥሩ ነው። ኤራቶስቴንስ ዛሬ ሊቢያ ውስጥ ባለችው ቀሬና የተወለደ፣ የእስክንድርያ ቤተ መፃህፍት ሃላፊ የነበረ ሰው ነው። በአመቱ ረጅሙ ቀን እኩለ ቀን ላይ ደቡብ ግብፅ ሲየን፣ የዛሬዋ አስዋን፣ ፀሃይ አናት ላይ ትሆናለች፣ ጥላ የለም፣ በዛው ሰዓት እስክንድርያ ላይ ግን ጥላ አለ፣ ማዕዘኑ የክብ 50ኛ እጅ ነው። በሁለቱ ከተማ መሃል 5,000 ስታድያ (የግሪኮች የርቀት መለኪያ ነው) ካለ የመሬት ዙሪያ 250,000 ስታድያ ነው አለ። ይሄን በዱላ ነው የሰራው ማለት ይቻላል።

እኛም እንችላለን። አዲስ አበባና መቀሌ ወደ ላይና ወደ ታች በአንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፣ በቀጥታ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፣ የመኪናውን መንገድ እንዳትወስዱ እሱ ጠመዝማዛ ነው። መቀሌ የሚያስተምር ሰው ፈልጉና ቀን ተቃጠሩ፣ ክረምት ደመና ስለሆነ ታህሳስ 12 አካባቢ ጥሩ ነው። ሁለታችሁም አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ዱላ በክርና በድንጋይ ቱንቢ አስተካክላችሁ ትተክላላችሁ። ፀሃይ ከፍ የምትለው ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አይደለም፣ ስድስት ተኩል ሊሞላ ሲል ነው፣ ስለዚህ ከስድስት ከሩብ ጀምራችሁ በየሁለት ደቂቃው ምልክት አድርጉና አጭሩን ጥላ ውሰዱ። አዲስ አበባ 63 ሳንቲ አካባቢ፣ መቀሌ 75 አካባቢ መምጣት አለበት። ዱላውንና ጥላውን ወረቀት ላይ በስኬል ስላችሁ ማዕዘኑን በፕሮትራክተር ለኩ፣ ልዩነቱ አራት ዲግሪ ተኩል ከሆነ 360 ለሱ ሲካፈል 80፣ 80 በ500 ሲባዛ 40,000 ኪሎ ሜትር። ግማሽ ዲግሪ ከተሳሳታችሁ 36 ሺ ወይ 45 ሺ ይመጣል፣ እሱም ጥሩ ነው፣ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይፈልጉ፣ ዱላው ተንጋዶ ነው፣ መሬቱ ተዳፋት ነው፣ ሰዓቱ ነው?

ፈተናውን በተመለከተ፣ ምርጫና እውነት ሃሰት ማውጣት ካለባችሁ አውጡ፣ ግን ከ10 ቢያንስ አራቱን ለአንድ ጥያቄ ስጡ። እኔ ብዙ ጊዜ የማወጣው ይሄ ነው፦ "ከ501ዱ ፈራጆች አንዱ ብትሆን/ብትሆኚ ሶቅራጥስ ላይ ምን ትፈርዳለህ/ትፈርጃለሽ? ለምን? የማይስማማ ሰው ምን ይልሃል/ይልሻል?" ሳርም ጥፋተኛ ላለም ነፃ ላለም እኩል ነው የምጀምረው። አንድ ነጥብ ለምክንያቱ፣ አንድ ከታሪኩ ለጠቀሰው ማስረጃ፣ ሁለቱ ነጥብ ግን የተቃዋሚውን ሃሳብ አክብሮ፣ ተቃዋሚው ራሱ ቢያነበው "አዎ እንደሱ ነው ያልኩት" በሚልበት መልኩ ለፃፈ። መጀመሪያ አመት ላይ ያንን ሁለት ነጥብ የሚያገኝ በጣም ጥቂት ነው፣ ስለዚ ከፈተናው በፊት ሁለት ሶስቴ አለማምዷቸው።